በጫካ ለአጋዘን አደን የትኛው ጠመንጃ፣ የትኛው ጥይት?

(በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ ጀማሪ አዳኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ጠመንጃ ሲነሳ እኛ ዘንድ ጨዋታው ቶሎ አያልቅም፤ ስለዚህ ጥያቄ ያለው ሰው መሀል ላይ ያቋርጠኝ፣ አልቀየምም።

ልጀምር የምፈልገው ከጠመንጃው አይደለም፣ ከጫካው ነው። ልታድኑ ያሰባችሁበት ቦታ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ ዓይናችሁ ስንት ሜትር ይሄዳል? ብዙ ሰው መደብር የሚገባው ይህን ሳያውቅ ነው። ሻጩም ስለ 500 ሜትር ተኩስ ያወራለታል፤ ሻጭ ነው፣ ምን ይደረግ። በቨርጂኒያ ምዕራብ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ግቡና እዩ። ኦክና ሂከሪ የሚባሉት ዛፎች ተጠጋግተው በቅለዋል፣ ከሥሩ ደግሞ የተራራ ሎረል የሚሉት ቁጥቋጦ ሰው ይውጣል። እዚያ አጋዘን ብቅ የሚልባችሁ በ40 ወይም በ60 ሜትር ነው። መቶ ሜትር ሙሉ ጥርት ብሎ ከታያችሁ፣ የተቆረጠ ደን ወይም የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት ሜዳ ላይ ናችሁ ማለት ነው። የሚታያችሁም ጊዜ አጭር ነው። ከአንድ ግንድ ጀርባ ወጥቶ ሌላው ግንድ ጀርባ እስኪገባ ያለው ነው። በዚያች ጊዜ ጠመንጃው ትከሻችሁ ላይ ካልተቀመጠ፣ ጥይቱ ስንት ሜትር እንደሚበር ማወቃችሁ አይጠቅማችሁም።

ዛሬ የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ርቀት የሚነሳ ነው። ለጫካ የሚሆን ጠመንጃ አጭርና ቀላል፣ ፈጥኖ የሚነሳ፣ ስትተኩሱት የማትሰቀቁበት ነው። ጥይቱ ደግሞ በአንዱ ጎድን ገብቶ በሌላው ጎድን የሚወጣ ይሁን። የቀረው የምርጫና የኪስ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን እናንሳ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል፣ ዜጋ መሆን አይጠበቅበትም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ ተከልክሏል፤ ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ ጠበቃ ይጠይቅ። መደብር ስትገዙ 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ጠመንጃውን የምትገዙት ለራሳችሁ መሆኑን ይጠይቃል። «ወረቀቱ ገና ላልደረሰለት ለአክስቴ ልጅ፣ በእሱ ገንዘብ ልግዛለት» የሚባል ነገር የፌዴራል ወንጀል ነው። ደግነት ነው ብላችሁ አትግቡበት። የአዳኝነት ትምህርቱንም ውሰዱ፤ በኢንተርኔትም ይሰጣል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ሕጉ መሣሪያውንም ይመርጥላችኋል። ቨርጂኒያ ለአጋዘን የጥይቱ ውፍረት ከ.23 ኢንች ያነሰ ራይፍል አትፈቅድም፤ ስለዚህ ኤ.አር-15 የሚሉት ጠመንጃ ተራው ዓይነት የሚተኩሰው .223 ከመጀመሪያው ወጥቷል። ሜሪላንድ ደግሞ የምትቆጥረው ጉልበት ነው፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ቢያንስ 1,200 ፉት ፓውንድ ይኑረው ትላለች። ከዚህ በላይ ካውንቲው የራሱ ሕግ አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ተራውን የአጋዘን ራይፍል አይፈቅድም፣ የሾትገን፣ ማለትም ጥይቱ ሩቅ የማይሄድ ጠመንጃ፣ አገር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ.308 ጥይት ሽቅብ ከተተኮሰ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ቦታ ደግሞ ቤት ነው። ኦሃዮ፣ ኮለምበስ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ፣ እዚያ ከ2014 ወዲህ አንገት የሌለው፣ ቀጥ ያለ ቀለህ ያላቸው ጥይቶች ተፈቅደዋል። ዊንቸስተር በ2019 ያወጣው .350 ሌጀንድ ገበያውን ያገኘው እንደዚህ ባሉ ክልሎች ነው። ሕጉ በየዓመቱ ይነካካል፤ የዘንድሮውን የአደን ደንብ መጽሔት አንብቡ እንጂ የአምናውን አትመኑ፣ እኔንም አትመኑ።

አሁን ወደ እንስሳው እንምጣ። ነጭ ጭራ የምንለው የዚህ አገር አጋዘን ትልቅ እንስሳ አይደለም። የጠና ወንድ 70 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች፤ ከደህና ሙክት እምብዛም አይርቅም። ልቡና ሳንባው ያለው ከፊት ወርቹ ጀርባ፣ ከደረቱ ዝቅተኛ ሦስተኛ እጅ ላይ ነው። የሚመታው ቦታ ስፋት 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው። መሀል ሳንባውን ያገኘ ደህና ጥይት፣ ትንሹ .243 ይሁን ትልቁ .30-06፣ ይገድለዋል። ሆዱን ያገኘ ጥይት ደግሞ የዓለም ትልቁ ጥይት ቢሆን ስቃይ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ ሳንባው የተመታ አጋዘን ቶሎ ይሞታል እንጂ ወዲያው አይወድቅም። ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜትር ይሮጣል። ሜዳ ላይ ቢሆን ዓይናችሁ ይከተለዋል። ጫካ ውስጥ ግን በሦስት ዝላይ ይሰወራል፤ ከዚያ የሚቀራችሁ ደሙ ነው። የኅዳር ቅጠል ራሱ ቀይና ቡናማ ነው፣ ጠብታ በላዩ ላይ መፈለግ ዓይን ያደክማል። ጥይቱ ገብቶ ውስጥ ከቀረ፣ ያውም ከዛፍ ላይ ማማ ሆናችሁ ቁልቁል ተኩሳችሁ ከሆነ፣ ቀዳዳው ያለው ከላይ በኩል ነው፤ ደሙ ደረቱ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ መሬት አይነካም። በታችኛው ጎድን ከወጣ ግን እንደ ልብ ይፈሳል። ለዚህ ነው ለጫካ መውጫ ቀዳዳ የሚሠራ ጥይት ምረጡ የምለው። አረፋ ያለው ደማቅ ደም ካያችሁ ሳንባ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ተከተሉ። የጠቆረ ደም ጉበት ነው። አረንጓዴ ነገርና የፈርስ ሽታ ካለ ለሰዓታት ተዉት፣ ይተኛ፤ ከተከተላችሁት ተነስቶ ይጠፋል።

ወደ ጥይቶቹ ስንገባ መጀመሪያ የሚነሳው .30-30 ዊንቸስተር ነው። በ1895 ገበያ የወጣ ጥይት ነው፤ የሚተኩሰው 1894 የተባለው የዊንቸስተር ጠመንጃ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው፣ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በፊልም ላይ ካውቦይ በእጁ ማንሻ እየሳበ የሚያጎርሰው ዓይነት ነው። አያቶቹ ምንሽር ይዘው የነበሩ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ረጅም በርሜል ግርማ እንዳለውም አልክድም። ጫካ ውስጥ ግን ረጅም በርሜል ቅርንጫፍ ሲመታ ነው የሚውለው። ይህ 1894 በርሜሉ 20 ኢንች ነው፣ ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ መሀሉን በአንድ እጅ ጨብጣችሁ ቀኑን ሙሉ ትሄዳላችሁ። ጥይቱ 150 ግሬን፣ ማለትም 10 ግራም የማይሞላ እርሳስ፣ በሴኮንድ 730 ሜትር ገደማ ይወረውራል። በወረቀት ላይ ደካማ ይመስላል፤ እስከ 150 ሜትር ድረስ ግን አጋዘኑ ልዩነቱን አያውቅም። 170 ግሬኑ ደግሞ ዘገም ብሎ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም በስቶ ይወጣል፤ ለጫካ የምወደው እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ። በእነዚህ ጠመንጃዎች ጥይቱ የሚደረደረው ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ሆኖ ነው። የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል፣ ማለትም ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን፣ ይነካል። ጫፉ ሹል ከሆነ ጠመንጃው ሲራገጥ ካፕሱሉን ወግቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ለዚህ ነው የ.30-30 ጥይት አፍንጫው ጠፍጣፋ ወይም ድቡልቡል የሆነው። ሆርናዲ በ2006 ጫፉ ለስላሳ ፕላስቲክ የሆነ ሹል ጥይት አውጥቷል፣ እሱ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነውና ችግር የለውም። ሌላ ሹል ጥይት እንዳትከቱ።

«ዊንቸስተር ይሻላል ወይስ ማርሊን?» ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ስኮፕ የሚባለውን ማነጣጠሪያ መነጽር የምትጭኑ ከሆነ ማርሊን 336፣ እሱም ማንሻ ያለው ነው። የድሮው ዊንቸስተር ቀለሁን የሚተፋው ወደ ላይ ስለሆነ ስኮፕ መሀሉ ላይ አይቀመጥበትም፤ ማርሊን በጎን ነው የሚተፋው። ግራኝ ለሆናችሁ ደግሞ ማንሻ ያለው ጠመንጃ ከሁሉ ይስማማችኋል።

ከዚያ .308 ዊንቸስተር አለ፣ የ1952 ጥይት። ያንኑ 150 ግሬን በሴኮንድ 860 ሜትር ይልካል። አንድ ጠመንጃ ብቻ ገዝቼ ጫካም ሜዳም፣ ነገ ደግሞ ኮሎራዶ ሄጄ ኤልክ የሚሉትን ትልቅ አጋዘንም ላድንበት ለሚል ሰው መልሴ ይኸው ነው። ጥይቱ በየመደብሩ አለ፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። .30-06ም ከዚህ የሚያንስ አይደለም፣ ከ1906 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ60 ሜትር ግን ትርፍ ጉልበቱ የሚጎዳው ትከሻችሁን ነው። እኩል ክብደት ባላቸው ጠመንጃዎች ርግጫው የ.30-30ን እጥፍ ይጠጋል። 7 ሚሊ ሜትር-08 የ.308 ቀለህ አንገቱ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ትንሽ ቀለል ይላል፤ ለቀጭን ሰው፣ ለሴት እህቶቻችን፣ ለጎረምሳ ልጅ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። .243 ከእሱም ይቀልላል፤ ግን 100 ግሬን ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ አይወጣም፣ ሲወጣም ቀዳዳው ትንሽ ነው። ረጋ ብሎ የሚተኩስ ሰው ይጠቀምበት፣ ወርች አጥንት ላይ ግን አይተኩስ። 6.5 ክሪድሞር ስሙ የገነነ ነው፣ በ2007 የወጣው ለረጅም ርቀት የዒላማ ውድድር ነው፤ ጫካ ውስጥም በሚገባ ይገድላል፣ እዚያ የሚጨምርላችሁ ነገር ግን የለም። .35 ሬሚንግተን የጫካ ንጉሥ ነበር፣ ዛሬ ጥይቱን ፍለጋ መዞር ነው። ማግነም የሚሏቸውን፣ ጉልበታቸው እጅግ የበዛ ጥይቶች እለፏቸው። በ.300 ማግነም 50 ሜትር ላይ ወርቹን የተመታ አጋዘን፣ ያ ወርች ለወጥ አይሆንም፣ ደም የቋጠረ ጥፍጣፊ ነው።

«ከባድና ዘገምተኛ ጥይት ቅርንጫፉን ሰንጥቆ ያልፋል» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ብዙ ሰዎች እንጨት ደርድረው ሞክረውታል፤ ቀላሉም ከባዱም ይስታል። ቅርንጫፉ አጋዘኑ አጠገብ ከሆነ የሚስተው ትንሽ ነው፣ እናንተ አጠገብ ከሆነ ግን ጥይቱ የት እንደሚደርስ ፈጣሪ ይወቀው። ክፍተት እስክታገኙ ጠብቁ፤ ካላገኛችሁ ይሂድ።

እዚህ ላይ ከኋላ አንድ ጋሼ ክላሽንስ ብለው ጠየቁ። መልካም ጥያቄ ነው፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው እሱን ነው። የክላሽ ጥይት፣ 7.62 በ39፣ ጉልበቱ ከ.30-30 ዝቅ ይላል እንጂ ብዙ አይርቅም። አፍንጫው ለስላሳ የሆነው የአደን ጥይት ከተገኘ እስከ 100 ሜትር አጋዘን ይጥላል። የጦር ሠራዊቱ ዓይነት፣ መዳብ ሙሉ በሙሉ የሸፈነው ግን ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል፣ እንስሳውም ሩቅ ሄዶ ነው የሚሞተው፤ በብዙ ቦታም ለአደን ክልክል ነው። መሣሪያውን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ከ2013ቱ ሕግ ወዲህ ክላሽ አይሸጥባትም፤ ፔንሲልቬኒያ ደግሞ በራሱ የሚጎርስ ራይፍል ለአጋዘን አትፈቅድም። ጥይቱን ከወደዳችሁት በእጅ የሚጎርስ ጠመንጃ ለእሱ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። ጋሼ፣ በዚያ ይርካሉ? ... እሺ።

ስለ ስኮፕ ላሳጥር፣ ግን የምነግራችሁ ከጠመንጃው ምርጫ አያንስም። ከ1 እስከ 4 ወይም ከ2 እስከ 7 የሚያጎላ ይበቃል። ከ3 እስከ 9 ያለውን ከገዛችሁ 3 ላይ አድርጋችሁ ተዉት። 9 ላይ ረስቶት የወጣ ሰው 40 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን ሲያነጣጥር የሚያየው ጠጉር ብቻ ነው፤ አንገት ይሁን ታፋ ሳይለይ እንስሳው ይሄዳል። ሌላው፣ ስኮፑን ወደ ዓይናችሁ አታስጠጉ። ርግጫው ሲመጣ ጠርዙ ቅንድብ ይቀድዳል፣ ጠባሳውም ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ተኩስ ሜዳ ብትሄዱ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው አታጡም።

ተኩስ ሜዳ ስትሄዱ መጀመሪያ በ25 ያርድ ወረቀቱን አግኙ፣ ከዚያ ወደ 100 ውጡ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ማስተካከሉ ለጠመንጃው ነው። ለራሳችሁ ደግሞ ቆማችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ ግንድ ተደግፋችሁ በ50 ሜትር የሳህን ስፋት ወረቀት ምቱ። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱና ይህን ሞክሩ፤ እናንተ ሳታዩ እሱ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ለልምምድ የሚሸጠውን፣ ባሩድም ካፕሱልም የሌለውን ባዶ ጥይት ያጉርስላችሁ። ባዶው ላይ ምላጩን ስትስቡ አፈሙዙ ወደ ታች ጎንበስ ካለ፣ ርግጫውን ፈርታችሁ ቀድማችሁ እየገፋችሁ ነው። ዓይንም አብሮ ይጨፈናል፣ ባለቤቱ ግን አይታወቀውም። ጉልበተኛ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ይህን ይሞክር። አፈሙዙ ጎንበስ ካለባችሁ ጥይት ቀይሩ፣ ከ.30-06 ወደ 7 ሚሊ ሜትር-08 ውረዱ፤ ወይም ርግጫው የተቀነሰለትን የ.308 ጥይት ግዙ። ሰደፉም ከክንዳችሁ ጋር ይመጣጠን። ሰደፍ የረዘመበት ሰው የክረምት ካፖርት ሲደርብ ጭራሽ ልብሱ ላይ ያያዘዋል።

ገንዘቡን ስታስቡ፣ እንደ ሩገር አሜሪካን ወይም ሳቬጅ አክሲስ ያሉ ተራ ቦልት አክሽኖች (በእጅ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች) ከ400 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ፣ ከብዙዎቻችን ችሎታም በላይ ዒላማ ይመታሉ። አዲስ ማርሊን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ውበቱን ነው የምትከፍሉበት፣ እኔ ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝም። ጀማሪ ግን ርካሹን ገዝቶ የተረፈውን ለጥይትና ለልምምድ ያውል።

የመጨረሻው የሥጋው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ጥይት ስትመርጡ የምትበሉትንም እየመረጣችሁ ነው። አጋዘን በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት እንስሳት ተቆጥሯል፣ በዚህ በኩል የሚያሳስብ የለም። የሚያሳስበው ጊዜው ነው። የቨርጂኒያ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር በኅዳር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የሜሪላንዱ ጭራሽ ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ቅዳሜ ስለሚጀምር ጾሙ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለምትጾሙት ፍሪዘር ሳይዘጋጅ አደን የለም፤ ሥጋው ለገና ነው። መሸጥም እንዳታስቡ፣ ለሬስቶራንትም ቢሆን። የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው።

እርሳስ ያለበት ጥይት ሥጋ ውስጥ ይሰባበራል፤ ፍርፋሪው በዓይን የማይታይ ሆኖ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ይገኛል። በ2008 የሰሜን ዳኮታ ጤና ቢሮ ለድሆች የተለገሰ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ እንዳይታደል የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ትንንሽ ልጆች ወይም ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን ጥይት ግዙ። ይወደዳል፣ ግን አይሰባበርም፣ ጠልቆም ይወጣል፤ ለ.30-30ም ለ.308ም አለ። እርሳስ ከተጠቀማችሁ ከቁስሉ ዙሪያ በደንብ አስፍታችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ለውሻም አትስጡ።

ክትፎ ይሆናል ወይ ለምትሉኝ፣ አይሆንም። ጥሬ የአጋዘን ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክም፣ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያም ሊኖረው ይችላል። ማቀዝቀዣ ጥገኛ ተውሳኩን ቢቀንስም ኢ ኮላይን አይገድልም። ሲ ደብሊው ዲ የሚሉት የአጋዘን አንጎል በሽታ በሁለቱም ክልሎች አለ፤ ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፣ ቢሆንም በሽታው ባለባቸው ካውንቲዎች ያደናችሁትን አስመርምሩ፣ ከተገኘበት አትብሉ፤ እሱን መቀቀልም አይገድለውም። ደህናውን ግን ሽንጡን ለጥብስ፣ ወርቹንና ታፋውን ለቀይ ወጥ አድርጉት። ሥጋው ስብ የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቅቤውን ከበሬ ሥጋው ጨመር አድርጉ፣ ጥብሱንም ቶሎ ከእሳት አውጡት፣ ውስጡ ግን በስሎ ይሁን።